መንታ ነው የተባለው ቤት

የቤት መዳቢው ሬሳ የተገኘው በጓሮ፣ በመሰላል ስር ነው። በጀርባው ተንጋሎ፣ አፉ ከፈት ብሎ፣ አንድ ነገር ሊናገር ሲል ሰው ያቋረጠው ይመስል ነበር። ከሰዓቱን ሙሉ ሲወርድ የቆየው ዝናብ ካባራ ብዙ አልቆየም። ልብሷን ልታሰጣ የወጣችው ጡረተኛ ነርስ አየችውና ጮኸች፤ በጩኸቷ ግቢው በሙሉ ወጣ፤ ቀጥሎ ሃምሳ አለቃው ደረሰ፤ መርማሪዋ የመጣችው ከሁሉም በኋላ ነው።

ሃምሳ አለቃው ታታሪ ሰው ነው። ታታሪነቱ ግን አንዳንዴ ከሐሳቡ ይቀድማል። መርማሪዋ የግቢውን በር ስታልፍ እሱ ገዳዩን ይዞ፣ ካቴና አስገብቶ፣ በረንዳ ላይ አስቀምጦ ጨርሶ ነበር።

«አለቃ፣ ብዙ መድከም አያስፈልግዎትም። ነገሩ እንደ ፀሐይ የጠራ ነው።»

«ፀሐይ የት አየህ?» አለች ሰማዩን ቀና ብላ እያየች። «እስኪ ንገረኝ።»

ቤቱ በአንድ ጣሪያ ስር የተኛ ረጅም የድንጋይ ቤት ነው። ሁለት በር አለው። በግራው ወገን የጭነት መኪና ሲነዳ አርጅቶ ጡረታ የወጣው ታላቅ ወንድም ከሚስቱ ጋር ይኖራል፤ በቀኙ ወገን ልብስ ሰፊዋ ታናሽ እህቱ። ከእሷ ቤት ጀርባ ያለችውን አንዲት ክፍል ነርሷ ተከራይታለች። ማዘጋጃ ቤቱ ሰፈሩን እንደገና ሊያቅድ ስለሆነ የእያንዳንዱ ቤት ዓይነት እንዲለይ ታዞ ነበር፤ ሟቹ ሥራው ይኸው ነው። በየቤቱ እየዞረ ይህ ለብቻው የቆመ ነው፣ ይህ መንታ ነው፣ ይህ ተርታ ቤት ነው፣ ይህ በፎቅ ላይ የተደራረበ ነው እያለ ይመድባል።

«ለብቻው የቆመ ከሆነ ባለቤቱ እንዳሻው ያፈርሳል፤» አለ ሃምሳ አለቃው። «መንታ ከሆነ ግን፣ ማለት ሁለት ቤት አንድ ግድግዳ ከተጋራ፣ አንዱ ያለ ሌላው ፈቃድ አንዲት ድንጋይ አይነቅልም። ሾፌሩ የራሱን ወገን አፍርሶ ለልጆቹ ፎቅ ሊያቆም ቋምጧል። እህቱ ሞቼ ነው ቆሜ ብላለች፤ የእሱ ከወረደ የእኔም ተከትሎ ይወርዳል ነው የምትለው። መዳቢው ትናንት መጣና ‹መንታ ነው› ብሎ ፈረደ። ሾፌሩ በሰው ፊት ‹ከዚህ ጣሪያ በእግርህ አትወርድም› አለው። ዛሬ ሰውዬው በጭንቅላቱ ወረደ። መሰላሉም የሾፌሩ ነው። ነገ ጠዋት ወደ ማረሚያ ቤት አሳልፈዋለሁ።»

«ነገ ጠዋት ሩቅ ነው፤» አለችና ሬሳው አጠገብ ቁጢጥ አለች።

ሟቹ አጭርና ቀጭን ነበር። የሥራ ባልደረቦቹ «ጆሮ» ይሉታል፤ ግድግዳን በጣቱ አንጓ እያንኳኳ፣ ጆሮውን ለጥፎ እያዳመጠ ነው የሚመድበው። «ጣሪያ ያታልላል፤ ግድግዳ ግን አይዋሽም» ይል ነበር ይባላል። መርማሪዋ ቀኝ እጁን አነሳች። የጣቶቹ አንጓ ቆዳ ተልጦ ሥጋው ወጥቷል። ፀጉሩ ላይ የኖራ አቧራና የሸረሪት ድር ተጣብቋል። በጣቷ ነካ አደረገችው፤ ደረቅ ነው። የራስ ቅሉ ከኋላ ተሰንጥቋል፤ ከስሩ ያለው ድንጋይ ላይ ግን ደም የለም ማለት ይቻላል። ጫማውን ገልብጣ አየች። ከዚያ ኮቱን ከብብቱ ስር ሳብ አድርጋ ስፌቱን ተመለከተች፤ በሁለቱም በኩል ተተርትሯል።

«ይህ ሰው አስም ነበረበት?»

«ነበረበት፤» አለች ከኋላዋ የቆመችው ነርስ። «ትናንት አቧራ ገባብኝ ብሎ መንፊያውን አፉ ውስጥ ሲያደርግ አይቼዋለሁ።»

መንፊያው ኪሱ ውስጥ ነበር። መርማሪዋ ነቀነቀችው፤ ባዶ ነው።

ተነስታ ቤቱን ዞረች። ከፊት ለፊት፣ በሁለቱ በሮች መካከል፣ ከጣሪያው ክፈፍ ስር መዳቢው በኖራ ጠመኔ የሣለው ምልክት አለ። ሰፈሩ በሙሉ ይህን ምልክት ያውቀዋል። ለብቻው ለቆመ ቤት አንድ ክብ፤ ለመንታ ቤት የሚነካኩ ሁለት ክቦች፤ ለተርታ ቤት ሰንሰለት። እዚህም ሁለት ክቦች ተስለዋል፤ ግን የሚነካኩበት ቦታ ጠፍቷል።

«ዝናቡ አጥቦት ነው፤» አለ ሃምሳ አለቃው።

«ብልህ ዝናብ ነው። ክፈፍ ስር ገብቶ፣ ሌላውን ሁሉ ትቶ፣ አንዲት ስንዝር ብቻ አጥቦ ወጣ።» ወደ ጓሮ ተመልሳ የሟቹን እጅጌ አየች። የግራ እጅጌው ጫፍ በጠመኔ ነጥቷል።

ካቴና የገባለት ሾፌር ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ፊቱ የጠቆረ ሰው ነው። መርማሪዋ መኝታ ቤቱ ውስጥ አስቀመጠችው። የአልጋው ራስጌ ከመካከለኛው ግድግዳ ጋር ተጣብቋል። ግድግዳው ላይ፣ ሰው ጭንቅላቱን በሚያሳርፍበት ቦታ፣ ቀለሙ ተፍቆ ድንጋዩ ታይቷል።

«ዝተውበታል፤» አለችው።

«ዝቻለሁ። አፌ ነው። አፌ ሰው ቢገድል ኖሮ በዚህ ሰፈር አንድ ነፍስ አይተርፍም ነበር።»

«ዛሬ ከሰዓት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ጋደም ብዬ።»

«ምን ሰሙ?»

የሾፌሩ ዓይን ግድግዳው ላይ ሄዶ ተመለሰ።

«እናቴን ሰማሁ።»

መርማሪዋ አልሳቀችም።

«እናቴ እግሯ ከከዳት በኋላ በእህቴ ወገን ነበር የተኛችው። እኔን ስትፈልግ በከዘራዋ ግድግዳውን ትመታለች። መጀመሪያ መጀመሪያ እሄድ ነበር። በኋላ… መንገድ ውዬ ነው የምመጣው፤ ደክሞኝ ነው የምመጣው። ትራሱን ጆሮዬ ላይ ማድረግ ጀመርኩ። የሞተች ቀንም ስታንኳኳ ነበር። ሰምቻለሁ። አልሄድኩም።»

«ከዚያ ወዲህስ?»

«አልተወችኝም። ሚስቴ ቆርቆሮው ነው ትላለች፣ ሌላው አይጥ ነው ይላል። እህቴ ግን እቅጩን ነገረችኝ። ‹እማዬ ናት፣ አንተን ነው የምትጠራው› አለችኝ። እንደ ዛሬው ግን ሆኖ አያውቅም። ከወዲህ ወዲያ፣ ከላይ እስከ ታች፣ ግድግዳውን እየዳበሰች ነበር የምትመታው። በመስኮት ብቅ ብዬ እህቴን ጠየቅኋት። ‹እማዬ ናት ጋሼ፣ ዛሬ ተቆጥታለች፣ ተዋት› አለችኝ።»

«መዳቢው ዛሬ እንደገና መምጣቱን ያውቁ ነበር?»

«አላየሁትም። እንደገና ምን ሊያደርግ ይመጣል? ፈርዶብኝ ሄዷል እኮ።»

ሚስቱ ወጥ ቤት ውስጥ ሰሃን እያጠበች፣ አንዱን ሰሃን ደጋግማ እያጠበች አገኘቻት።

«ሰምቻለሁ፤» አለች ሳትዞር። «ሰምቼ ራዲዮኑን ከፍ አደረግሁት። እሜቴ፣ የቁም አማት ትሻላለች፤ እሷን ቢያንስ በር ይዘጉባታል።» ከዚያ በራሷ ቀልድ አፈረችና እጇን አደረቀች። «ፈርቼ ነው። እህትየዋንም በአጥር ላይ ጠየቅኋት። ‹እማዬ ናት› አለችኝ። እሷ ካላወቀች ማን ያውቃል? አብራት የኖረችው እሷ።»

ነርሷ በክፍሏ አልጋ ጫፍ ላይ፣ እጆቿን በጉልበቶቿ መሃል ከታ ተቀምጣ ነበር።

«ስንት ዘመን ሙት አጥቤ ገንዤአለሁ፤» አለች። «አንድም ሙት ተነስቶ አንኳኩቶብኝ አያውቅም። ይህ ቤት ግን ሌላ ነው። ተከራይቼ የገባሁ ሰሞን እስቅባቸው ነበር፤ ውዬ አድሬ እኔም ማዳመጥ ጀመርኩ። ዛሬ ማንኳኳቱ ሲበዛብኝ ወደ ልብስ ሰፊዋ በር ሄድኩ። ገርበብ አድርጋ ከፈተችልኝና ሮጣ ተመልሳ የስፌት መኪናው ላይ ተቀመጠች። እግሯ አላረፈም። ‹እማዬ ናት ሲስተር፣ ተዪያት› አለችኝ።»

«ምን እየሰፋች ነበር?»

«እንጃ። መኪናው ያጓራል፣ መርፌው ይወርዳል ይወጣል… ከመርፌው ስር ጨርቅ ያየሁ አይመስለኝም።»

«ሲስተር፣ የተኛን በሽተኛ ብቻዎን እንዴት ነው የሚያነሱት?»

«ከኋላ ሆኜ፣ ብብቱ ስር እጄን አስገብቼ፣ ደረቴ ላይ አስደግፌ ነዋ። እግሩ ይጎተታል እንጂ ወገቤ አይቆረጥም።» ከዚያ የጥያቄው ትርጉም ገባትና ፊቷ ተለወጠ። «ለልብስ ሰፊዋም ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ለእናቷ።»

ልብስ ሰፊዋ እናቷ የሞተችበት ክፍል ውስጥ ተቀበለቻት። አልጋው እንደተነጠፈ ነው፤ አንሶላው ንጹህ ነው፤ ትራሱ ላይ የራስ ቅርጽ የሚመስል ስርጉድ አለ። መርማሪዋ ልትቀመጥበት ጎንበስ ስትል ሴትዮዋ ክንዷን ያዘቻት።

«እዚያ አይቀመጡ። እባክዎ።»

ጠይም፣ ከሲታ፣ ፀጉሯን በሻሽ የጠቀለለች ሴት ናት። ያላገባችውና ያልወለደችው ይህን ቤትና እናቷን ስትጠብቅ ነው፤ ሰፈሩ ይህን ያውቃል፣ ያከብራታልም።

«መዳቢው ዛሬ መጥቶ ነበር?»

«ጠዋት መጣ። ከውጭ ለካ፣ ሻይ ጠጣ፣ ዝናቡ ሳይጀምር፣ በፊት ለፊት በር ወጣ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።»

«ለምን ተመለሰ? ፍርዱ ትናንት አልተሰጠም?»

«አላወቅሁም። ሥራ ወዳድ ሰው ነው።»

«ማንኳኳቱን ሰምተዋል?»

«እንዴት አልሰማም። እማዬ ናት።»

«ከማንኳኳቱ ሌላስ?»

«ሌላ ምንም፤» አለች ልብስ ሰፊዋ። «እማዬ በሕይወቷም ብዙ አትናገርም ነበር።»

መርማሪዋ አመሰገነቻትና ቃሏን በጽሑፍ እንድትሰጥ ወደ ጣቢያ ሰደደቻት። እሷ ስትወጣ ሃምሳ አለቃውን ጠራች።

«ገመድ አምጣ።»

«ልንሰቅለው ነው?»

«ልንለካ ነው፣ አንተ ሰው።»

መጀመሪያ ቤቱን ከውጭ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለኩት። ከዚያ የሾፌሩን ክፍሎች ከውስጥ፣ ቀጥሎ የልብስ ሰፊዋን፣ የግድግዳዎቹንም ውፍረት ጨመሩ። ሃምሳ አለቃው ገመዱን መሬት ላይ ዘርግቶ አየው፤ ደግሞ አየው። ከውጭ የተለካው ይበልጣል።

«የሆነ ቦታ ተሳስተናል።»

«አልተሳሳትንም። ቤቱ ውስጥ ማንም የማይኖርበት ቦታ አለ።» መርማሪዋ የተረፈውን ገመድ ትከሻዋ ላይ አስቀምጣ ወደ ጎን ዞረች። ስፋቱ አንድ ሰው በጎኑ የሚቆምበት ያህል ነው። «እኔ ያደግሁት በተርታ ቤት ነው። ጎረቤት ሲያስነጥስ እኛ ይማርህ እንል ነበር። እዚህ ግን ሚስትየዋ የአማቷን ማንኳኳት እንጂ የልብስ ሰፊዋን መኪና ጩኸት ሰማሁ አላለችም። ይህ እንዴት ይሆናል እያልኩ ነበር።»

ከእናትየው አልጋ ራስጌ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ አንድ ከባድ የልብስ ሳጥን ተጠግቷል። ሁለቱ ሆነው ሳጥኑን ገፉት። ሃምሳ አለቃው ከጀርባው ያለውን አየና ኮፍያውን አወለቀ።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉም በሾፌሩ መኝታ ቤት ተሰበሰቡ። ሾፌሩ ካቴናው እንደገባለት አልጋው ላይ ተቀምጧል፤ ሚስቱ ጎኑ፤ ነርሷ በሩ አጠገብ፤ ልብስ ሰፊዋ ወንበር ላይ፣ እጆቿን አጣጥፋ። ወደ ማረሚያ ቤት የሚወስደው መኪና ከግቢው በር ውጭ ቆሟል። ሃምሳ አለቃው አልነበረም።

«ወረቀቱን ሊያስፈርም ሄዷል፤» አለች መርማሪዋ። «እስኪመጣ አንድ ነገር ላስረዳ። ሐኪሙ ሟቹን አይቶታል። የሞተው አየር አጥቶ ነው። ጭንቅላቱ የተሰነጠቀው ከሞተ በኋላ ነው፤ ለዚህ ነው ያልደማው። ስለዚህ ከጣሪያ አልወደቀም፤ የወደቀ እንዲመስል ነው መሰላሉ ስር የተጣለው። ሁለተኛ፣ ፀጉሩ ላይ የነበረው አቧራ ደረቅ ነበር። ዝናብ ሲዘንብ ውጭ አልነበረም ማለት ነው። ሦስተኛ፣ የጫማው ሶል ደረቅ ነው፤ ጭቃ ያለው የተረከዙ ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላ ወደ ጓሮ ወጥቷል፤ ግን በእግሩ አልሄደም። ብብቱ ስር ተይዞ፣ በተረከዙ እየተጎተተ ነው የወጣው።»

ነርሷ አቀረቀረች።

«ታዲያ ዝናቡ ሲወርድ የት ነበር? ፀጉሩ ላይ የሸረሪት ድር፣ እጁ ላይ የተላጠ ቆዳ…»

ቃሏን ሳትጨርስ ግድግዳው ተንኳኳ።

ደነዝ ያለ፣ ከጥልቅ የሚመጣ ድምፅ ነበር። አንዴ፣ ደግሞ ሁለቴ፤ ከዚያ ከራስጌው ተነስቶ ወደ መስኮቱ ወገን እየዳበሰ ሄደ። ሚስትየዋ ጮኸች። ሾፌሩ ከአልጋው ተንሸራትቶ በጉልበቱ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ በካቴና የታሰሩ እጆቹን ወደ ግድግዳው ዘረጋ።

«እማዬ፤» አለ።

«ትናንት የሰሙት ይህንኑ ነው?»

«ይህንኑ።»

«አሁን ሁላችሁም በደንብ አዳምጡ። ከማንኳኳቱ ሌላ የሚሰማ ነገር አለ?»

አዳመጡ። ከማንኳኳቱ ሌላ ምንም አልነበረም። ያ መሆኑ ይበልጥ አስፈራቸው።

«ተነሱ፤ ወደ ማዶ እንሂድ፤» አለች መርማሪዋ።

ልብስ ሰፊዋ መጨረሻ ነበር የተነሳችው። በረንዳውን ተሻግረው ሁለተኛው በር ሲከፈት፣ ገና ከደጃፉ፣ የሰው ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ።

«አለቃ! ኧረ አለቃ! ልውጣ ወይ? ሸረሪት አንገቴ ላይ ወጥቷል! አቧራው ሊገድለኝ ነው!»

ማንም አልሳቀም። ነርሷ ናት ቀድማ የሮጠችው። ከእናትየው አልጋ ራስጌ መጋረጃውን ገለጠች፤ ከጀርባው የስስ ጣውላ ዝቅተኛ በር ነበረ። ስትከፍተው ሃምሳ አለቃው ከነኮፍያው በኖራ ነጥቶ፣ እያሳለ፣ በእጅና በእግሩ ወጣ።

ሾፌሩ በሩን፣ ከበሩም ወዲያ ያለውን ጨለማ አየ። «ይህ ምንድን ነው?»

«ይህ ነው መዳቢው ያገኘው፤» አለች መርማሪዋ። «አባታችሁ መጀመሪያ አንዱን ቤት ሠሩ፤ እርስዎ መንገድ ላይ ሳሉ ሌላውን በራሱ ግድግዳ አጠገቡ አቆሙ። መሃሉን ዕቃ ማስቀመጫ አደረጉት፤ ከውጭ ጫፍና ጫፉን በድንጋይ ዘጉት፤ አንድ ጣሪያ አለበሱት። የሚያየው ሁሉ መንታ ነው ይላል። ጆሮም ከትናንት በስቲያ እንዲያ አለ። ግን ሥራውን የሚወድ ሰው ነበር፤ ልኬቱ አልገጥም ሲለው ተመልሶ መጣ። ከውጭ ለካና ተሳስቻለሁ ብሎ ክቦቹ የሚነካኩበትን በእጅጌው ጠረገው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ቀረው፤ ውስጥ ገብቶ ግድግዳዎቹ የትም እንደማይገናኙ በዓይኑ ማየት። እነዚህ መንታ አይደሉም፤ ለየብቻቸው የቆሙ ሁለት ቤቶች ናቸው።» ወደ ሾፌሩ ዞረች። «ስለዚህ ሰውዬው ትናንት ለእርስዎ ሊፈርድ ነበር የመጣው። እሱ ቢኖር የሚጠቀሙት እርስዎ ነበሩ።»

ሃምሳ አለቃው ሳሉን ዋጠ።

«የተቀረው ቀላል ነው። ገባ፤ በሩ ከኋላው ተዘጋ፤ ሳጥኑም ተገፋበት። አቧራና ጠባብ ቦታ ለአስም ምን እንደሆነ ሲስተር ይነግሩናል። መንፊያው እስኪያልቅ ነፋ፤ አንኳኳ፤ ጮኸም። አራት ሰው ሰማው። ሦስቱ በወፍራም የድንጋይ ግድግዳና ከደጅ ሆነው ስለሆነ ማንኳኳቱን ብቻ ሰሙ፤ ይህ ቤት ደግሞ ማንኳኳትን ለማን እንደሚሰጥ አስቀድሞ ያውቃል። ሦስቱም ጠየቁ፤ ሦስቱም አንድ መልስ ተሰጣቸው። አራተኛዋ ግን ከስስ ጣውላ በዚህ ወገን ነበረች። እያንዳንዱን ቃል ሰምታለች። ለሌላ ሰው እንዳይሰማ ጨርቅ የሌለበትን መኪና ስትረግጥ ዋለች። እኔን ደግሞ ‹ሌላ ምንም አልሰማሁም› አለችኝ።»

ሁሉም ልብስ ሰፊዋን አዩ። እሷ የምታየው አልጋውን ነበር።

«ልገድለው አላሰብኩም፤» አለች በቀስታ። «ራሱ ነው ‹የሚገባበት አለ ወይ› ያለኝ። አሳየሁት። ከውስጥ ሆኖ እንደ ልጅ ደስ ብሎት ‹ለየብቻ ናቸው! ለየብቻ ናቸው!› እያለ ይጮህ ነበር። እጄ ነው በሩን የዘጋው። ጋሼ ያፈርሰዋል፤ ግድግዳው ከተነሳ የእማዬ ክፍል ራቁቱን ይቀራል፤ ዕድሜዬን በሙሉ የሰጠሁት ቤት በአንድ ክረምት ይናዳል። ‹መንታ ነው› ይበል ብቻ ነው ያልኩት። ካለ እከፍትለታለሁ ብዬ።»

«አላለም?» አለች መርማሪዋ።

«አለ።» ልብስ ሰፊዋ ሻሿን አስተካከለች። «ብዙ ጊዜ አለ። አላመንኩትም። ሲወጣ ይለውጠዋል ብዬ ፈራሁ።»

መርማሪዋ ብዙ የእምነት ቃል ሰምታ ታውቃለች። የዚህኛው ጭካኔ አልነበረም የከበዳት፤ ሴትዮዋ በልቧ አሁንም ቤት ጠባቂ እንጂ ገዳይ አለመሆኗ ነበር። ለሃምሳ አለቃው ምልክት ሰጠችው። እሱም የሾፌሩን ካቴና ፈታ፤ በኖራ የነጣ ፊቱን ወደ መሬት አድርጎ «ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለው። ሚስትየዋ ባሏን አቅፋ አለቀሰች፤ «ተመስገን፣ ተመስገን» አለች።

ሾፌሩ አቅፋው እንደነበረች ቆሞ ቀረ።

«እኔ እኮ መለስኩ፤» አለ።

«ምኑን?» አለች ሚስቱ።

«እናቴ መስላኝ መለስኩ። አላወራሁላችሁም፤ አፍሬ። በሕይወቷ ያልሄድኩላት፣ ዛሬስ ብዬ ተነሳሁና ግድግዳውን በእጄ መታሁ። ሦስት ጊዜ። ወዲያው ጸጥ አለች። ይቅር አለችኝ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ስንት ዓመቴ። የሲስተር ጩኸት ነው የቀሰቀሰኝ።» እህቱን አያት። ድምፁ ልመና ነበር። «አንቺ እዚህ ነበርሽ። ቃሉ ይሰማሽ ነበር። ስመልስለት ምን አለ?»

ልብስ ሰፊዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን ከአልጋው አነሳች።

«ጋሼ፣ ተወው።»

«ምን አለ?»

«‹ሰሙኝ› አለ። ‹እየመጡ ነው› አለና ማንኳኳቱን ተወ።»